ዕዝራ አልገጥምም ያለው ቸርኬ

ጂንካ ውስጥ መኪና ያለው ሰው ዕዝራን ያውቀዋል፤ የሌለውም ያውቀዋል። የሥራ ቦታው ከድሮው የአውሮፕላን ሜዳ ጫፍ፣ ወደ ገበያ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ አንድ ግዙፍ የማንጎ ዛፍ ሥር ነው። ቤት ይባል እንጂ አራት ቋሚና ጥቂት ቆርቆሮ ነው። ሙያው ጎሚስታነት ነው፤ የተነፈሰ ጎማ ይለጥፋል፣ ያለቀውን ያወልቃል፣ ጎማው የሚለብስበትን ብረት፣ ቸርኬውን ማለት ነው፣ ከመኪናው ጋር ያጋጥማል። ይህን የመጨረሻውን ሥራ እንደ እሱ የሚያውቅ ሰው እስከ አርባ ምንጭ ድረስ የለም ይላሉ ሾፌሮቹ። ያጋንኑ ይሆናል። ግን ብዙም አላጋነኑም።

ሙያውን ያስተማረው ወልደ ጊዮርጊስ የሚባል ሰው ነው። ወልደ ጊዮርጊስ የጦር ሠራዊት ሾፌርና መካኒክ ነበር። በ1983 ሠራዊቱ ሲበተን ጓደኞቹ ወደየአገራቸው ሲሄዱ እሱ አንድ መኪና ማንሻ ክሪክ፣ ሁለት የጎማ ማውጫ ብረትና የእጅ ፓምፕ ይዞ ጂንካ ቀረ። ለምን እንደቀረ ሲጠየቅ፣ «ዝናቡ ተስማማኝ» ብቻ ነበር መልሱ።

ዕዝራ ያኔ ሃያ ዓመቱ ነው። ከከተማው በላይ ካለው የአሪ ገጠር ወርዶ በቅዳሜ ገበያ ጆንያ ይሸከማል። ትከሻው ሰፊ፣ አማርኛው ጠባብ ነበር። አንድ ቀን ወልደ ጊዮርጊስ ወገቡን ታሞ የጭነት መኪና ጎማ ማንሳት ሲያቅተው፣ በዚያ ሲያልፍ ያየውን ዕዝራን ጠራውና «እስቲ አንሳልኝ» አለው። ዕዝራ አነሳ። ከዚያ ግን የእጁን ዋጋ ተቀብሎ መሄድ ሲገባው ቁጭ ብሎ ቸርኬውን አየ፣ አየና፣

«ይሄ መሐሉ ያለው ቀዳዳ ለምን ትልቅ ሆነ?» ሲል ጠየቀ።

ወልደ ጊዮርጊስ በሠራዊቱም በጂንካም ጎማ ሲለጥፍ ይህን የጠየቀው ሰው አልነበረም። ቀና ብሎ አየው። «መኪናው የሚቀመጠው እዚያ ላይ ስለሆነ ነዋ። እነዚህ ዙሪያውን ያሉት ብሎኖች መያዣ ናቸው። አንተ ወንበር ላይ ስትቀመጥ በምንህ ነው የምትቀመጠው? በቀበቶህ ነው?»

ዕዝራ ሳቀ። በማግስቱ ተመልሶ መጣ፤ በሦስተኛው ቀን ጆንያ መሸከሙን ተወ።

አማርኛውንም ሙያውንም በአንድ አፍ ነው የተማረው። ክሪክ፣ ዳዶ፣ ሞዞ፣ ባሌስትራ የሚሉት የጣሊያን ቃላት ሁሉ ጥርት ያለ አማርኛ መስለውት፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ስለ ጽናት ሲመሰክር «ጌታ እንደ ሞዞ ያዘኝ» ብሎ ምእመናኑን ግራ አጋብቷል፤ ቸርኬው የሚቀመጥበትን የመሐል ብረት ማለቱ ነበር። ኋላ ሚስቱ የሆነችው ኤልሳ በዚያ ቀን ከመዘምራኑ መካከል ቆማ ነበር። ሳቋን ለመዋጥ መሐረቧን አፏ ላይ እንደያዘች እስከ ዛሬ ትናገራለች።

ክፉው ቀን የመጣው በ1989 ነው። ወልደ ጊዮርጊስ ለሕክምና አዲስ አበባ ሄዶ ዕዝራ ብቻውን ይሠራል። ሽመልስ የሚባል ሾፌር ማሽላ የጫነች ፒክአፕ ይዞ መጣ። የኋላ ቸርኬው ተሰንጥቋል። ወይጦ ገበያ ሳይበተን መድረስ አለበት። ዕዝራ ከጥግ ካሉት አሮጌ ቸርኬዎች አንዱን አነሳ፤ የብሎኖቹ ቀዳዳዎች ልክ ናቸው፤ መሐሉ ግን ከመኪናው ሞዞ ትንሽ ሰፋ ብሏል። አየው። እጁ ለአንድ አፍታ ቆመ።

«ቶሎ በል እንጂ ወንድሜ!» አለ ሽመልስ።

ዕዝራ የብሎኖቹን ማጥበቂያ ዳዶዎች በኃይሉ ሁሉ አጠበቀና ሸኘው።

ከቀይ አፈር ከተማ ወደ ወይጦ ሲወረድ መንገዱ ቁልቁል ነው። ሽመልስ ቁልቁለቱን አጋምሶ ሳለ አንድ ጎማ በግራ በኩል እየተንከባለለ ቀደመው። የማን ጎማ ነው ብሎ ለማሰብ ጊዜ አላገኘም፤ የራሱ ነበር። መኪናዋ በጎኗ ተኛች፣ ማሽላው ገደሉን ሞላው፣ የሽመልስ ቀኝ እግር ሁለት ቦታ ተሰበረ።

ዕዝራ ወሬውን እንደሰማ በእግሩ ወደ ሆስፒታል ሄደ። በሩ ላይ ብዙ ቆመ። ገብቶ የተናገረው ሁለት ቃል ነው።

«እኔ ነኝ።»

ሽመልስ እግሩ በጄሶ ተጠቅልሎ ጣሪያውን ያያል። ወደ እሱ ዞር አለና፣ «እኔም ነኝ። ቶሎ በል ያልኩህ ማን ሆነና?» አለ።

ወልደ ጊዮርጊስ ሲመለስ አልጮኸበትም። ዕዝራ ከጫካ ፈልጎ ያመጣውን ያንን ቸርኬ መሬት ላይ አጋደመና «አንብበው» አለው። ዕዝራ ተንበርክኮ አነበበው። ክብ የነበሩት ስድስቱ ቀዳዳዎች እንደ እንቁላል ሞላላ ሆነዋል። ሞዞው ላይ ያልተቀመጠው ቸርኬ በየጉድጓዱ ሲንገጫገጭ፣ ክብደቱን ሁሉ የተሸከሙት ብሎኖች ቀዳዳዎቹን ሲበሉ፣ ዳዶዎቹ አንድ በአንድ ሲላሉ ታየው። ዓይኑ እንባ አቀረረ።

ስምንት ወር ሙሉ፣ በየእሑዱ ከጸሎት ሲወጣ፣ ከእናቱ ጓሮ ሙዝና ጎደሬ ይዞ ሽመልስ ቤት ይሄድ ነበር። መጀመሪያ የሽመልስ እናት ደጅ ላይ ተቀብላ ትመልሰው ነበር፤ ኋላ ታስገባው ጀመር። ሽመልስ ድኖ፣ ትንሽ እያነከሰ፣ መሪ የጨበጠ ዕለት የመጀመሪያ ጎማውን ያስጠበቀው ዕዝራ ዘንድ ነው። ሰው አብደሃል ሲለው፣ «ከእንግዲህ እሱን የሚያህል ጠንቃቃ የትም አላገኝ» አለ።

እውነቱን ነው። ከዚያ ወዲህ ዕዝራ ሳይለካ ቸርኬ ገጥሞ አያውቅም። መለኪያዎቹ ቀጥ ያለች አንዲት የወይራ ዘንግ፣ ቋጠሮ ያለባት ሲባጎና በቆርቆሮ ጣሳ ያለ ጥላሸት ናቸው። ወልደ ጊዮርጊስ በ1994 ሲሞት መሣሪያዎቹን ሁሉ ለዕዝራ ተናዘዘለት፤ የመቃብሩን ድንጋይ ያሠራውም ዕዝራ ነው።

በ2001 በአካባቢው በእናቶችና ሕፃናት ጤና ላይ የሚሠራ አንድ ድርጅት ነበር። አሮጌ ላንድክሩዘር አምቡላንስ አለው። ሾፌሩ ሽመልስ ነው። መኪናው ሃያ ዓመት የታችኛውን ኦሞ አሸዋና ድንጋይ ሲመላለስበት ኖሮ ሞተሩ እንደ ጎረምሳ ቢሆንም ከአምስት ቸርኬዎቹ አራቱ በዝገት ተበልተው በየብሎናቸው ዙሪያ መሰንጠቅ ጀምረዋል። የግዢ ሠራተኛው ሀብታሙ፣ ንጹሕ ሸሚዝ የሚለብስ ወጣት፣ ከአዲስ አበባ አራት የሚያብረቀርቁ አዳዲስ ቸርኬዎች አስመጥቶ ጎማ አስለብሶ ማንጎው ሥር አራገፋቸው።

«ስድስት ቀዳዳ ናቸው፤ የእኛም መኪና ስድስት ቀዳዳ ነው። ነገ ክትባት ይዞ ወደ ቱርሚ ይወጣል። አሁኑኑ ግጠምልን» አለ።

ዕዝራ የፊቱን ግራ ጎማ አወለቀ። አዲሱን ቸርኬ ሞዞው ላይ ሰካና ዳዶ ሳያስር በእጁ ወዘወዘው። ዋለለ። በቸርኬውና በሞዞው መካከል ትንሿን ጣቱን አስገባ። «ይኸው ገባ። መግባት አልነበረበትም» አለ።

ቀጥሎ ከዳዶዎቹ አንዱን ጥላሸት ቀብቶ አጠበቀና መልሶ ፈታው። የዳዶው አፍ ሾጣጣ ነው፤ የአዲሱ ቸርኬ ቀዳዳ ግን ለጠፍጣፋ ዳዶ የተሠራ ነው። ጥላሸቱ የነካው አንዲት ፀጉር የምታህል መስመር ብቻ ነበር። በአሮጌው ቸርኬ ላይ ደገመው፤ ጥላሸቱ ዙሪያውን በሰፊው ታተመ። ሀብታሙ ጎንበስ ብሎ ሁለቱንም አየ።

ዕዝራ ጎማውን ለጊዜው አስሮ መኪናውን ከክሪክ አወረደና፣ «እስቲ ግባና መሪውን እስከ መጨረሻው አዙረው» አለው።

ሀብታሙ ገባ፣ አዞረ። ከሥር ጎማው ባሌስትራውን፣ መኪናውን የሚሸከመውን የንጣፍ ብረት፣ ሲፍቅ እንደ ወፍጮ ጮኸ።

«ቸርኬው ጎማውን ወደ ውስጥ አስገብቶታል» አለ ዕዝራ። «ቁልቁለት ላይ መሪ ስትጠመዝዝ ጎማህ ይበላል። ቀዳዳው ልክ ነው፤ ልክ የሆነው ግን እሱ ብቻ ነው።»

ሀብታሙ ከመኪናው ወረደ። ላብ አጥምቆታል። «ጋሽ ዕዝራ፣ ዕቃው ገቢ ሆኗል፤ ተፈርሞበታል። ለአለቆቼ ምን ልበል? አንተ ካልገጠምከው ሌላ ሰው ይገጥመዋል።»

«ይግጠመው። እኔ አልገጥምም።»

እስካሁን ግንዱን ተደግፎ ቆሞ የነበረው ሽመልስ ጠጋ አለና የሱሪውን ቀኝ እግር እስከ ጉልበቱ ሰበሰበ። ጠባሳው ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ተጠማዝዞ ይወጣል። «ይህን ትምህርት አንዴ ከፍዬበታለሁ፤ አልደግመውም። ሌላ ሰው ከገጠመው ሌላ ሰው ይንዳው» አለ።

ሀብታሙ ክፉ ልጅ አልነበረም። ፈርቶ ነው። ዕዝራ ይህን ስላየ ዘንጉንና ሲባጎውን ይዞ አብሮት ወደ ድርጅቱ ግቢ ሄደ፤ እዚያ የቆመችውን አዲሲቱን ፒክአፕ ሥሯ ገብቶ ለካ። ከመኪናው ሥር ሲወጣ አፈሩን ከትከሻው እያራገፈ፣ «ለዚች ልክ ናቸው። ዳዶዋም ጠፍጣፋ ነው። ለእሷ መጠባበቂያ ስኮርታና መቀየሪያ ብለህ አስመዝግብ፤ ምንም አልጠፋም» አለው። ሀብታሙ እጁን ጨብጦ አልለቅ አለው።

አሁን የላንድክሩዘሩ ቸርኬ ከየት ይምጣ? ዕዝራ አምስት ቀን ጠየቀ። ዓይነቱ አዲስ አበባም ቢሆን እንደ ልብ አይገኝም። ነገር ግን ዕዝራ የመንገድ ዳር ስብርባሪ የማይረሳ ሰው ነው። ወይጦ አጠገብ፣ አንድ የጥጥ እርሻ ግቢ ውስጥ፣ የዚያው ዓመት ሥሪት የሆነ ላንድክሩዘር ተገልብጦ ከቀረ አሥር ዓመት ሆኖታል። በሚኒባስ ወርዶ ባለቤቱን አነጋገረ። ሦስት ደኅና ቸርኬዎች አገኘ። አራተኛው የለም።

«እሱንማ ትምህርት ቤቱ ወሰደው» አለው ዘበኛው። «ደወል አድርገውታል።»

ዕዝራ ወደ ትምህርት ቤቱ ሄደ። ቸርኬው ከግራር ቅርንጫፍ በሰንሰለት ተንጠልጥሏል፤ ከጎኑ መምቻ ብረት አለ። ከማንም ጋር ሳይነጋገር ብረቱን አንስቶ መታው። ተማሪዎቹ እረፍት የሆነ መስሏቸው እየተንጋጉ ወጡ። ዕዝራ ግን ዓይኑን ጨፍኖ ድምፁ እስኪያልቅ ያዳምጣል። የተሰነጠቀ ብረት እንደታፈነ ሰው ነው የሚጮኸው፤ ይህ ግን ጥርት ብሎ ረጅም ጊዜ ዘፈነ። ስንጥቅ የለበትም።

«ምን እየሠራህ ነው?» የሚል የቁጣ ድምፅ ከኋላው መጣ። የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህርት ናርዶስ ነበረች።

ዕዝራ ይቅርታ ጠይቆ ነገሩን ከሥር መሠረቱ ነገራት። ስለ አምቡላንሱ፣ ስለ ቸርኬው። ናርዶስ እጇን አጣምራ ሰማችው። «እኔም አራስ ሆኜ በዚያ መኪና ሄጃለሁ» አለች በመጨረሻ። «ግን አራት መቶ ልጅ በዚህ ነው የሚሰበሰበው። ደወሌን ወስደህ በምን ልጠራቸው?»

«በተሻለ።»

በሁለተኛው ቀን ተመለሰ። ጂንካ ያሉትን የተጣሉ የጭነት መኪና ቸርኬዎች አንድ በአንድ እያንጠለጠለ መትቶ፣ ድምፁ ከሁሉ የበለጠውን መርጦ አመጣ። ራሱ ዛፍ ላይ ወጥቶ ሰቀለው። ናርዶስ ብረቱን ተቀብላ መታችው። ከወይጦ ወንዝ ማዶ ከብት የሚያጠጡ ሰዎች ቀና ብለው ሲያዩ አይታ ሳቀች። «ከዛሬ ጀምሮ አልሰማሁም የሚል ተማሪ የለኝም» አለች።

ከትምህርት ቤቱ የወረደው ቸርኬ ለዓመታት ተደብድቦ ጠርዙ አንድ ቦታ ጎብጧል። ዕዝራ በመዶሻ ቀስ እያለ አቃናው፤ ከዚያ ሞዞው ላይ አስሮ፣ አንድ ምስማር ጠርዙ አጠገብ ተክሎ፣ እያሽከረከረ በምስማሩና በብረቱ መካከል ያለውን ክፍተት ግማሽ ቀን አየ። ክፍተቱ መስፋትም መጥበብም እስኪያቆም ድረስ አላረፈም። ሦስቱ ከእርሻው፣ አንዱ ከትምህርት ቤቱ፣ ከአሮጌዎቹ ያልተሰነጠቀው ደግሞ ለስኮርታ። አምስት ሞሉ። ሁሉም ሞዞው ላይ እንደ ክዳን ተቀመጡ።

«እኔም አብሬ እሄዳለሁ» አለ ዕዝራ መኪናው ሲነሣ። አዲስ የታሰረ ዳዶ ጥቂት እንደተሄደ መልሶ መጥበቅ አለበት፤ ይህን ለሌላ ሰው አያምንም። ቀይ አፈር ላይ ወርዶ አጠበቀ፤ ዲመካ ላይ ሞከረ፤ አንዱም አልላላም። ቱርሚ አደሩ።

ሲነጋ ከኮልቾ መንደር በሰው ሞተር ሳይክል ተሳፍሮ የመጣ አንድ ወጣት እየሮጠ ጤና ጣቢያው ገባ። ቱሪስት የሚያስጎበኝ በመሆኑ አማርኛው የተጣራ ነው። እህቱ ምጥ ከያዛት ሁለት ቀን ሆኗታል አለ። ክትባቱን ይዛ አብራቸው የመጣችው ነርስ፣ ሲስተር ትዕግስት፣ ቦርሳዋን አንጠልጥላ መኪናው ውስጥ ገባች። ኮልቾ የደረሱት ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ነው። መንደሩ ገደል አፋፍ ላይ ተቀምጦ ኦሞ ከታች ይጠማዘዛል። ዕዝራ ወንዙን ከዚያ ከፍታ ሲያይ የመጀመሪያው ነበር፤ ግን ለማየት ጊዜ አልነበረውም። ነፍሰ ጡሯን በቃሬዛ አስገቧት። ሲስተር ትዕግስት ሆዷን ዳስሳ፣ «በቀጥታ ጂንካ። ቀዶ ጥገና ነው የሚያስፈልጋት» አለች።

ዕዝራ ከኋላ ተቀምጦ የግሉኮሱን ከረጢት ከፍ አድርጎ ያዘ። ሽመልስ አሸዋውንም ድንጋዩንም እንደሚያውቀው ሰው እየለየ ነዳ። ቱርሚን አልፈው ብዙም ሳይሄዱ ዕዝራ ከቀኝ የኋላ ጎማ በኩል ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ሰማ። ያ የወይጦ ቁልቁለት፣ ያ ገደል፣ ማሽላው ሁሉ ፊቱ ላይ መጣ።

«ጋሽ ሽመልስ፣ አቁም!»

«አብደሃል እንዴ?» ጮኸች ሲስተር ትዕግስት። «የሴትዮዋን ሁኔታ አታይም?»

ሽመልስ ግን አቆመ። ዕዝራ ከረጢቱን ለወንድምየው አስይዞ ዘለለ። ዳዶዎቹን በመፍቻው አንድ በአንድ ነካ፤ ሁሉም እንደ ተራራ ጸንተዋል። ጎማውን በእጁ ሲዳብስ በጥርሶቹ መካከል የእንቁላል አስኳል የምታህል ጠጠር ተሰክታ አገኘ። ነቅሎ ጣላት።

«ምንድን ነው?» አለ ሽመልስ።

«ጠጠር ናት።»

ሽመልስ ማርሽ እያስገባ፣ «ለጠጠርም ቢሆን አቆማለሁ» አለ። ጉዞው ቀጠለ። እናትየዋ ምጡ ፋታ በሰጣት ጊዜ በራሷ ቋንቋ አንድ ነገር አለች፤ ወንድሟ ተረጎመው። «ያ ሰው መኪናውን እንደ ከብት ነው የሚሰማው ትላለች።»

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ጂንካ ሆስፒታል ደረሱ። እናትየዋን ሲያስገቧት ሌሎቹ ተከትለው ሮጡ። ዕዝራ ግቢው ውስጥ ቀረ። አራቱን ሞዞዎች በመዳፉ ነካ፤ ሁሉም እኩል ሞቀዋል፣ የሚያቃጥል የለም። ከዚያ በኋላ ነው ደረጃው ላይ የተቀመጠው። ማታ ሲስተር ትዕግስት ቤቱ ድረስ መጥታ እናትም ሴት ልጅም ደኅና መሆናቸውን ነገረችው። ስለ ጠጠሯም ይቅርታ ጠየቀችው። ኤልሳ ራት አብልታ ሸኘቻት።

አምቡላንሱ በእነዚያ ቸርኬዎች ስምንት ዓመት ሠራ። ሀብታሙ ዛሬ ሌላ መሥሪያ ቤት የግዢ ኃላፊ ነው፤ የመኪና ዕቃ ሊገዛ ሲል ወረቀቱን ከመፈረሙ በፊት ማንጎው ሥር ይመጣል። ሌሎች መሥሪያ ቤቶችም እንዲሁ። ዕዝራ የሚሉትን ሰምቶ፣ መኪናዋን ለክቶ፣ የሚገዛውን ይነግራቸዋል፤ እነሱ ይጽፋሉ።

አሁን ዕዝራ ሃምሳ ሦስት ዓመት ሆኖታል። ከተማው ውስጥ ጎማ በማሽን የሚያወልቁ ሁለት ቤቶች ተከፍተዋል። እሱም ይመክራል፤ ለጎማ ቅየራ ብቻ የመጣውን፣ «እዚያ ሂድ፣ ይፈጥንልሃል» ይላል። ኤልሳ ደንበኛ ታባርራለህ ብላ ትቆጣዋለች። በቀደም አንድ መምህር ከአባቱ የወረሳትን አሮጌ ቮልስዋገን እየገፋ መጣ። ከበይነ መረብ ያያቸውን ቸርኬዎች በስልኩ አሳየውና፣ «ልዘዛቸው ወይ?» አለው። ዕዝራ ስልኩን ተቀብሎ ከዓይኑ አርቆ አየና መለሰለት። ከዚያ ካርቶን አንጥፎ፣ ዘንጉን ይዞ፣ በጀርባው ተንሸራቶ መኪናዋ ሥር ገባ።

«ፎቶውን ተወው» አለ ከሥር። «ወረቀትና እርሳስ አምጣ፤ የምነግርህን ጻፍ።»